የመጀመሪያው በር

በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል በስሟ የሚጠራት አልነበረም፤ ትልቁም ትንሹም «በረኪና» ነው የሚላት። አንድም ልብሷና ፀጉሯ፣ ሌላው ቀርቶ ቋጥራ የምትመጣው ምሳ እንኳ በረኪና በረኪና ስለሚል ነው፤ አንድም ምላሷ የነካውን ሁሉ ስለሚልጥ ነው። እሷ አትቀየምም። «ተመስገን ነው፣ ሳሙና ብትሉኝ ኖሮ ይሄኔ አልቄ ነበር» ትልና ትስቃለች። ሳቋ ግን ከጥቂት ዓመታት ወዲህ እስከ መጨረሻው አይሄድም፤ መንገድ ላይ ይደክመውና ሳል ይሆናል።

ክፍሉ ከዋናው ሕንፃ በስተጀርባ፣ ምድር ቤት ነው። መስኮቶቹ ከጣሪያው ሥር ያሉ ጠባብ ቀዳዳዎች ስለሆኑ ከውጭ የሚታየው የአላፊ አግዳሚው ጫማ ብቻ ነው። ማሽኖቹ አርጅተዋል፤ ልብስ ሲጨምቁ ከቦታቸው እየተንፏቀቁ ይሄዳሉና አንድ ሰው በጀርባው ተደግፎ መያዝ አለበት። ብዙ ጊዜ የምትደገፈው በረኪና ናት። «ባሌን ብደገፈው አይቆምልኝ፣ ይሄ ይሻለኛል» ትላለች። ጠዋት ከገባችበት ሰዓት ጀምሮ ውሃው ሲንፏፏ፣ ሲገነፍል፣ በወለሉ ቦይ ሲወርድ ከጆሮዋ አይጠፋም። ደም የነካው አንሶላ፣ የሕፃን መጠቅለያ፣ የሐኪም ካባ፣ ሁሉም በእጇ ያልፋል። የጣቶቿ ጫፍ ተጨማዶ ነጥቶ ቀርቷል፤ ዕረፍት ወጥታ ሳምንት ብትቆይ እንኳ አይመለስላትም።

ከዚያ ሁሉ ውሃ ወጥታ ቤቷ ስትገባ ግን ጠብ የሚል ነገር የለም።

ቤቷ ከከተማው ዳር፣ አውቶቡሱ ተሳፋሪውን አራግፎ ከሚዞርበት አደባባይ በላይ፣ የዳገቱ ጫፍ ላይ ነው። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ዓይኑ ደክሞ መንጃ ፈቃዱን እስኪቀበሉት ድረስ ካገር አገር ሲንከራተት ባጠራቀማት ገንዘብ ቦታዋን ገዛ፤ ሁለት ክፍል ሠሩ፤ ከፊት ደግሞ የትልቅ ሳሎን ግድግዳ አቆሙና ጣሪያው ላይ ሲደርሱ አቅም አነሳቸው። ለጣሪያ የተገዛው ቆርቆሮ በሸራ ተሸፍኖ እዚያው ግድግዳው መሀል ተኝቷል። ሹፌሩ ጠዋት ጠዋት የሸራውን ጫፍ ገለጥ አድርጎ፣ በሽተኛ እንደሚጠይቅ ሰው ዳበስ ዳበስ አድርጎት ይመለሳል።

«ይሄን ሳሎን ጣሪያ ካለበስኩ በኋላ ብሞትም አይቆጨኝ» ይላል።

«ቆይ እንጂ፣ በምን ውሃ ላጥብህ ነው የምትሞተው?» ትለዋለች።

ዋናው የውሃ መስመር አደባባዩ ድረስ መጥቶ ቆሟል። ከዚያ ወዲያ ወደ ላይ ቧንቧ የለም። የዳገቱ ሰው አደባባዩ ላይ ካለው ቦኖ በጀሪካን ቀድቶ ይወጣል፤ ያለው ደግሞ በቦቴ ያስመጣል። ነገሩ የመሥሪያ ቤቱ ስንፍና ብቻ ቢሆን ኖሮ አንድ ቀን ይሰማ ነበር። ይሄኛው ግን የሰፈሩ ሰው ሥራም አለበት።

ደንቡ እንዲህ ነው። አዲስ ቤት ውሃ ሲያስገባ ሦስት ነገር ይከፍላል። አንዱ ለቆጣሪውና ለሠራተኛው ጉልበት ነው፤ ይሄ ቀላል ነው። አንዱ ደግሞ የነባሩ ከተማ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሲያዋጣ ለኖረበት ለግድቡ፣ ለማጣሪያውና ለትልቁ ማጠራቀሚያ ድርሻ ነው፤ ይሄም ለሁሉም እኩል ነው። ነገር ያመጣው ሦስተኛው ነው። ቧንቧ በሌለበት መንገድ ላይ መጀመሪያ የሚያስገባ ሰው፣ ከዋናው መስመር እስከ እሱ በር ድረስ ያለውን ቧንቧና ቁፋሮ ከኪሱ ይችላል። ከእሱ በኋላ የሚመጣው ጎረቤት ግን መስመሩ በደጁ ተዘርግቶ ይጠብቀዋልና ከሦስተኛው ክፍያ ነፃ ነው።

ይሄን የሰማ ሁሉ ልቡ ውስጥ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መጀመሪያ አለመሆን።

አንድ ሰሞን ደግሞ ወሬ ተነዛ። መሥሪያ ቤቱ ከእንግዲህ ሰው እስኪያመለክት አይጠብቅም፣ ከአደባባዩ ተነስቶ መንገዱን ሲወጣ መጀመሪያ ያገኘውን በር አንኳኩቶ ያስከፍላል ተባለ። ወሬው ከየት እንደመጣ የሚያውቅ የለም። ከአደባባዩ ሲወጡ የመጀመሪያው በር የጎማ ነጋዴው ነበር፤ ሰፈሩ «ጎማው» ነው የሚለው። ጎማው አልተኛም። በማግስቱ ግንበኛ ጠርቶ በሩን በብሎኬት አስደፈነና በጓሮ በኩል፣ በጎርፍ መውረጃው ላይ ሌላ በር አስከፈተ። ጎማው ሲደፍን ከእሱ ቀጥሎ ያለው ቤት የመጀመሪያ በር ሊሆን ነው። ያም ደፈነ። ቀጥሎ ጡረታ የወጣው መምህር ደፈነ፤ እሱስ ለማስመሰል «በጓሮ በኩል ነፋሻ ነው» ብሎ ነው። እንዲህ እንዲህ እያለ ነገሩ እንደ ጉንፋን እየተጋባ ዳገቱን ወጣ። መጨረሻ ላይ ሹፌሩ ብቻውን ቀረ።

«በር ደፍነህ ከማን ልትደበቅ ነው?» አለችው በረኪና፣ ሲሚንቶ ሲያቦካ አግኝታው።

«እንዴ፣ ያን ሁሉ ሰው አልፈው ወደኔ ቢመጡስ? የመንገዱ ሙሉ ቧንቧ በኔ አናት ላይ ነው የሚወድቀው!»

ደከማትና ዝም አለች። ያን ጊዜ ዝም ማለቷ እስከዛሬ ይቆጫታል።

ሰፊው መንገድ ግራና ቀኝ ግድግዳ ብቻ ሆኖ ቀረ። ሰዉ ሁሉ ጀርባውን ሰጥቶት በጎርፍ መውረጃው በኩል ገብቶ ይወጣል። በበጋ ድንጋይ ነው፤ በክረምት ጭቃ ነው። በረኪና ከሥራ ስትመለስ በሁለት እጇ ጀሪካን አንጠልጥላ በዚያ ትወጣለች፤ ደግማ ትወርዳለች፤ ደግማ ትወጣለች። ወገቧ ቁርጥ ይላል። እንደዚያም ሆኖ ሰው ከለመደ ምን የማይለምደው አለ፤ የእናቷ ነገር ባይመጣ ኖሮ እንዲሁ እንደደከማት ትኖር ነበር።

እናቷ መሀል ከተማ ታናሽ ወንድሟ ዘንድ ነበረች። እግሯ ከከዳት ቆይቷል፤ ኋላ ደግሞ ራሷን መቆጣጠር ተሳናት። አልጋዋ በቀን ሁለቴም ሦስቴም ይቀየራል። በረኪና ልትጠይቃት በሄደች ቁጥር የወንድሟ ሚስት ባልዲውን ድምፅ እያሰማች ታስቀምጠዋለች፤ ክፉ ሰው ሆና አይደለም፣ ደክሟት ነው። በረኪናም፣ «ውሃ ይግባልኝ እንጂ እማን እኔ ነኝ የምወስዳት» ትላለች። ይሄን ስትል ስንት ዓመቷ ነው። እውነቷን ነው፤ ግን ስትደጋግመው ውሎ አድሮ እንደ ሰላምታ ሆኖባታል።

አንድ ቀን ወንድሟ ልብስ ማጠቢያው ድረስ መጣ። መጥቶ አያውቅም። እንፋሎቱ መሀል በሩ ላይ ቆሞ መነጽሩን ይጠርጋል።

«እትዬ፣ ተዛወርኩ» አላት።

«ወዴት?»

«ሩቅ ነው። የሚሰጡንም አንድ ክፍል ነው፤ ልጆቹን ራሱ የት እንደማስተኛቸው እንጃ።»

«እማስ?»

መነጽሩን አጠለቀው፤ እንፋሎቱ መልሶ ሸፈነበት፤ አወለቀው።

«ውሃ ገባልሽ?»

«አልገባልኝም።»

«እንግዲያውስ መጦሪያ ቤቱን አነጋግሬያለሁ። እስከ ወሩ መጨረሻ አልጋ ይይዙልኛል። ደህና ቦታ ነው ይላሉ።»

በረኪና የማሽኑን ጎን ተደግፋ ቆመች። የመጦሪያ ቤቱ አንሶላ የሚታጠበው እዚህ፣ እሷ ማሽን ውስጥ ነው። በየሳምንቱ በከረጢት ተጭኖ ይመጣል። ሰው ሥር ስንት ቀን እንደሰነበተ ከመክፈቷ በፊት ታውቀዋለች።

«ደህና ነው የሚሉት አንሶላውን ያላጠቡት ናቸው» አለችው።

«ታዲያ ምን ላድርግ እትዬ?» መነጽሩን ኪሱ ውስጥ ከተተ። «አንቺው ንገሪኝ እስቲ።»

«እስከ ወሩ መጨረሻ ቆየኝ» አለችውና ሸኘችው።

ካውያ ላይ የምትሠራው ጓደኛዋ ሁሉንም ሰምታ ነበር። «ምን አስጨነቀሽ? እናትሽን ውሰጃት፣ አንሶላዋን እዚህ እያመጣሽ እጠቢው፤ ማን ያይሻል» አለቻት።

«አንሶላውንስ አመጣሁ እንበል። እናቴን ራሷንስ? እሷንም ማሽኑ ውስጥ ልክተታት?»

ሁለቱም ሳቁ፤ ከዚያ ሁለቱም ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

በማግስቱ ፈቃድ ወስዳ የውሃ መሥሪያ ቤት ሄደች። ወረፋው ረጅም ነው። ከመስታወቱ ማዶ «ወዲያ ሂድ፣ ነገ ና፣ ፎቶ ኮፒ አምጣ» ሲባል ቆይቶ፣ ወደ ምሳ ሰዓት ግድም አንዲት ወጣት መሐንዲስ ፊት ደረሰች። መሐንዲሷ ሻይዋን ረስታው ቀዝቅዞባታል፤ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። አድራሻውን ጠየቀቻት፤ ኮምፒዩተሯን አየች፤ ደግማ አየች።

«እርግጠኛ ነዎት እትዬ? እኛ ዘንድ በዚህ መንገድ ላይ ነዋሪ የለም።»

«እኔ ታዲያ ምንድን ነኝ?»

«እንግዲህ አብረን ሄደን እንየው» አለች መሐንዲሷ፤ ከዚያ ክፍል መውጣቷ ራሱ ደስ ያላት ትመስላለች።

አደባባዩ ላይ ወርደው መንገዱን ሲወጡ መሐንዲሷ ርቀት መለኪያ መንኮራኩሯን መሬት ለመሬት እየገፋች ግራና ቀኝ ታያለች። ግድግዳ። ግድግዳ። አሁንም ግድግዳ። ከግድግዳው ወዲያ ሬድዮ ይሰማል፣ ሕፃን ያለቅሳል፣ ሰው ያወራል። ዳገቱ ጫፍ ሲደርሱ ቆመች።

«ሰው አለ፤ በር ግን የለም» አለች።

«በሩ ከኋላ ነው።»

«የማን በር?»

«የሁላችንም።»

በረኪና ምክንያቱን ነገረቻት፤ ከጎማው ጀምራ እስከ ባሏ፣ አንዱንም ሳትደብቅ። መሐንዲሷ መጀመሪያ ሳቀች፤ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ሳቋን አቆመች።

«እትዬ፣ የዛሬ ዓመት ማዘጋጃ ቤቱ ለአዲስ ሰፈሮች ገንዘብ መድቦ ነበር። ብዙ በር ያለበት መንገድ እየተመረጠ፣ የመስመሩን ወጪ እኩሌታ ከተማው ቻለው። መንገድ የሚመረጠው በር በመቁጠር ነው። የኛ ሰዎች እዚህ መጥተው አንድ በር አላገኙም። የመጋዘን ግድግዳ ነው ብለው ከዕቅዱ አወጡት።»

በረኪና ልክ ጀሪካን እንደምታስቀምጥ ሁሉ ራሷን ቀስ ብላ ድንጋዩ ላይ፣ ከመሐንዲሷ ጎን አስቀመጠች።

«ሁለተኛ ዙር የለውም?»

«ይኖራል ይባላል።»

«ይባላል» አለች በረኪና። «አሁን ላስገባ ብልስ?»

«በመንገዱ ላይ በር ይክፈቱ፤ በር ለሌለው ቤት ግምት አልሠራም። የእርስዎ ጫፍ ላይ ስለሆነ ግን…» ወደ ታች፣ ወደ አደባባዩ ተመለከተች። «ሙሉው ነው የሚመጣብዎት።»

«እስቲ ልጄ፣ እኔ ሞኟ ልጠይቅሽ። ቧንቧውን የገዛሁት እኔ፣ ያስቆፈርኩት እኔ። ቧንቧው የኔ ነው?»

«አይ፣ የመሥሪያ ቤቱ ነው።»

«ጎማው ልቀጥልበት ቢልስ?»

«ይቀጥላል። እርስዎን አንጠይቅም።»

«እንዲህ ያለ ሠርግ አይቼ አላውቅም። ደጋሿ እኔ፣ ሙሽራዋ ሌላ።»

መሐንዲሷ ፈገግ አለች፤ ድካም የተሞላ ፈገግታ ነው። «ምን ይደረግ ይላሉ? ወጪውን በከተማው ሰው ሁሉ የውሃ ሂሳብ ላይ እንበትነው ስንል፣ መሀል ከተማ አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትኖር መበለት የእናንተን አዲስ ቤት ቧንቧ ልትከፍል ነው። አዲስ በሚመጣው ላይ እንጫነው ስንል ደግሞ ይኸው በሩን ደፍኖ ይቀመጣል። በየዓመቱ ለዚህ እንሰበሰባለን። ግማሹ እንዲህ ይሁን ይላል፣ ግማሹ እንዲያ። ከዚያ ምሳ ይደርሳል፤ እንነሳለን።»

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«እኔ የምኖርበት ሰፈርም ውሃ የለውም እትዬ።»

ጎን ለጎን ትንሽ ተቀመጡ። ሁለቱም ለመነሳት አልቸኮሉም።

በረኪና እስከ ወሩ መጨረሻ በቀረው ጊዜ ጎረቤት ለጎረቤት ዞረች። ከሁሉ በፊት ጎማው ዘንድ ሄደች። ጎማው የጓሮ በሩ ላይ በርጩማ አስቀምጦ፣ ቦቴው ውሃ ሲያራግፍለት ይቆጣጠራል።

«እትዬ በረኪና! ምን እግር ጣለሽ?»

«ውሃ ልናስገባ ነው፤ እናዋጣ ልልህ።»

«ባትነግሪኝም አዋጣለሁ! ጎረቤት እኮ ነን። ማን ነው በር የሚከፍተው?»

«አንተ ክፈታ። ለዋናው መስመር የምትቀርበው አንተ ነህ።»

ጎማው ዙሪያውን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔማ ከከፈትኩ የመጀመሪያው በር እኔ ሆንኩ ማለት ነው። ጎረቤቶቹ ነገ ሐሳባቸውን ቢቀይሩስ? ቃል ይታጠፋል፣ ቧንቧ ግን አይታጠፍም። አንቺ ክፈቺና እኔ ከኋላሽ አለሁ።»

«ከኋላ መኖርህንማ አውቃለሁ። ስትኖር ያየሁህ በዚያው በኩል ነው።»

ቦቴውን የሚነዳው ሰውዬ ሳቀ፤ ጎማውም አብሮ ሳቀ። ግን ንግግሩን አልለወጠም።

ጡረተኛው መምህር ደግሞ ወንበር ስቦ አስቀመጣትና ስለ ሁለተኛው ዙር ረዥም ንግግር አደረገላት። «ትዕግሥት ነው የሚያስፈልገው እህቴ። አሁን የሚከፍል ሰው ነገ በነፃ የሚሰጠውን ነው የሚገዛው።» ነገ ማለት መቼ እንደሆነ ስትጠይቀው ሰማዩን አየ። ሌሎቹም እንደዚያው። አንዱም እንቢ አላለም። ሁሉም እሺ አለ፤ ሁሉም ካንቺ በኋላ አለ። እንቢ ቢሏት ይሻላት ነበር፤ ቢያንስ ተቆጥታ ትወጣ ነበር። እሺታቸው ግን እንደ ረጠበ ብርድ ልብስ ከበዳት።

በዕረፍቷ ቀን ለሹፌሩ ነገረችው። ቆርቆሮው አጠገብ ተቀምጦ ሬድዮ ይሰማ ነበር።

«ቆርቆሮውን እንሽጠው» አለችው።

ሬድዮውን ዘግቶ አስቀመጠ። «ምን አልሽ?»

«ሰምተኸኛል።»

«አንቺ ሴት፣ ጤነኛም አይደለሽ! ይሄ እኮ የኔ የመንገድ ዕድሜ ነው። ስንቱን ሌሊት ዓይኔን እንቅልፍ እየነሳሁ…» እጁን ሸራው ላይ አሳረፈ። «ለጎማው ቧንቧ ላስቀብርለት? ለዚያ ለአፈ ጮሌው መምህር?»

ጀሪካኖቹን አንስታ በጓሮ ወጣች። ወረደች፤ ቀዳች፤ ወጣች። ስትመለስ ሹፌሩ እዚያው እንደተቀመጠ ነው። ጀሪካኖቹን አስቀምጣ የበሩ ደፍ ላይ አረፍ አለች። መዳፏ ላይ የጀሪካኑ እጀታ ቀይ ሰንበር አውጥቷል። ስትናገር ወደ እሱ አላየችም።

«እሺ፣ መጦሪያ ቤት ትግባ እንግዲህ። አንሶላዋን እኔው አጥበዋለሁ፤ እኔ ማሽን ላይ ነው የሚመጣው። የሷ መሆኑን ግን አላውቀውም። ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። ከየትኛው ከረጢት እናቴን እንዳወጣሁ ሳላውቅ ሳሙና እጨምርበታለሁ።»

እራት በሉ፤ እሱ አልጎረሰም ማለት ይቻላል።

በነጋታው ከሥራ ስትመለስ በጎርፍ መውረጃው ወጥታ በጓሮ ገባች። ግድግዳው መሀል ሸራው ብቻ ታጥፎ ተቀምጧል። ከመንገዱ በኩል የመዶሻ ድምፅ ይሰማል። ዞራ ስታይ ሹፌሩ አቧራ ለብሶ፣ ሸሚዙ ከጀርባው ተጣብቆ፣ ግድግዳውን ይደበድባል።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«በር እየከፈትኩ ነው፤ አታይም?»

«እየከፈትክ አይደለም። በሩ ወደ ግራ ነው።»

«እኔ አይደለሁ የደፈንኩት? የት እንደሆነ አላውቅም?»

«ይኸው አታውቅም። ጤነኛውን ግድግዳ ነው የምታፈርሰው።»

ቀረብ ብሎ በእጁ ዳበሰው፤ ዓይኑ እንደሆነ ከዓመት ዓመት እየባሰበት ነው። ጤነኛው ግድግዳ ላይ ሰው የሚያሳልፍ ቀዳዳ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

«ታዲያ ሁለት በር ይኑረናላ» አለ፣ አኩርፎ። እሷም መዶሻውን ተቀበለችው፤ የተደፈነውን ብሎኬት ራሷ መታችው። ለደቂቃ ያህል ክንዷ ድካሙን ረሳው።

የቆርቆሮው ገንዘብ ለመሥሪያ ቤቱ ገባ፤ ቆፋሪዎች መጡ። ከአደባባዩ ጀምረው በጎማው ግድግዳ ሥር፣ ከዚያ በሚቀጥለው፣ እያሉ ቦዩን ወደ ላይ አወጡት። ቁፋሮው አንዱ ደጅ በደረሰ ቁጥር ባለቤቱ ከግድግዳው በላይ አንገቱን ብቅ ያደርግና «በርቱ!» ይላል። ጡረተኛው መምህር ቤት ሥር አለት ገጠማቸውና ሥራው ቆመ። የወሩ መጨረሻ ግን አልቆመም። ወንድሟ ዕቃውን ጫነ፤ እናትየዋንም ውሃው ሳይደርስ በታክሲ አምጥቶ፣ በአዲሱ በር ተሸክሞ አስገባት። ሲሰናበት ደጁ ላይ አለቀሰ። በረኪና፣ «ሂድ፣ ሂድ፣ መኪናው ጥሎህ ይሄዳል» እያለች ገፋችው።

አለቱ እስኪሰበር ድረስ ባሉት ቀናት ሹፌሩ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጀሪካን ያዘ። አንዱን ሞልቶ ሲወጣ ሦስቴ አረፈ።

«ይሄን ነው በየቀኑ የምትሠሪው?» አላት፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ።

«እኔ በሁለት እጄ ነው።»

መሐንዲሷ ቆጣሪው ሲገጠም መጣች። ሁለተኛው ዙር መፈቀዱን እዚያው ነገረቻት፤ መንገር ግዴታዋ መስሏት ነው። ቧንቧ የሌላቸውን መንገዶች ብቻ ነው የሚመለከተው። ይሄኛው አሁን ቧንቧ አለው። በረኪና «እህ» ብላ ሰማቻት። የምትናደድበት ጉልበት ፈልጋ አጣች። «ሻይ ላፍላልሽ? በራሴ ውሃ ነው» አለቻት።

እናትየዋን ግቢው ውስጥ፣ ቧንቧው አጠገብ፣ ፀሐይ ላይ ነው ያጠበቻት። ወንበር ላይ አስቀምጣ በአንሶላ ጋርዳ፣ ውሃውን በእጇ እየለካች ትከሻዋ ላይ ታፈስላታለች። ቆዳዋ ከአጥንቷ ላይ እንደ ቀጭን ጨርቅ ይንሸራተታል። ዕድሜዋን ሙሉ ስታጥብ የኖረችው በረኪና እዚህ ላይ እጇ ዘገየ።

«ዝጊው፤ ያልቃል» አለች እናትየዋ።

«አያልቅም እማ።»

«ሁሉም ያልቃል። ዝጊው።»

ዘጋችው። ከታች፣ ከአደባባዩ በኩል፣ ብሎኬት የሚመታ መዶሻ ይሰማል። ቆየት ብሎ ከመሀል መንገዱ ሌላ መዶሻ ተጨመረበት።

«ምንድን ነው የሚደበደበው?»

«ጎረቤቶቻችን ናቸው። በር እየከፈቱ ነው።»

እናትየዋ አሰበችበት። «እስካሁን በየት ነበር የሚወጡት?»

በረኪና ልታስረዳት አፏን ከፈተች። ከጎማው ልትጀምር ነበር። ከዚያ የሚከተለው ሁሉ፣ ወሬው፣ ሲሚንቶው፣ ጀሪካኑ፣ ይኖራል የተባለው ዙር፣ አንድ ላይ መጣባትና ተወችው።

«ረዥም ነው እማ» አለች።

«ደክሞሻል።»

እንዲህ የሚላት ሰው ካጣች ቆይታለች። «አዎ፣ ደክሞኛል» አለች፤ የእናቷን ፀጉር በፎጣ እያደረቀች።

«እንግዲያው ተቀመጪ። እኔ የትም አልሄድ።»

የእናቷን እርጥብ ልብስ ባልዲው ውስጥ ዘፈዘፈችው። ከዚያ ከወንበሩ ሥር፣ እግሯን ዘርግታ፣ ፀሐይዋ እስክትዞር ድረስ ተቀመጠች።